ደጅ የማይጠና ሕመም

ልደታ ክፍለ ከተማ ደጅ የሚጠናበት ሰፈር ነው። በአንድ ወገን የልደታው ፍርድ ቤት አለ፤ ባለጉዳይ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ስሙ እስኪጠራ ኮሪደር ላይ ይቆማል። በሌላው ወገን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ በሽተኛ የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ከንጋቱ ይሰለፋል። ሁለቱም ቤቶች የሚሠሩት በአንድ ያልተጻፈ ሕግ ነው፦ የተቸገረ ይመጣል፣ የመጣ ይመዘገባል፣ የተመዘገበ ይታያል። ሕጉ እግሩ ለተሰበረም ቤቱን ለተቀማም ያገለግላል። ድባቴ ለያዘው ሰው ግን አይመችም፤ የዚህ ሕመም የመጀመሪያ ሥራው ሰውየውን ከመምጣት ማስቀረት ነውና።

የአገራችንን የአእምሮ ሕክምና ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው፣ ታሪኩ በአመዛኙ የዚህ መቅረት ታሪክ ሆኖ ያገኘዋል። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ታማሚው በሩን ዘግቶ ተኝቷል። የተገናኙት አንዳቸው ተነሥቶ ሲሄድ ነው፤ የሄደውም አብዛኛውን ጊዜ ታማሚው አልነበረም። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ጥናቶቹ የታተሙት በዚያ አቆጣጠር ስለሆነ አልለወጥኳቸውም።)

ሕመም መቅረትን፣ መቅረትም ሕመምን የሚያመጣበት አዙሪት ራሱን እንዴት እንደሚያጠናክር ከመረመሩት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ሊዊንሶን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኦሪገን ውስጥ ሲሠራ፣ ሰው ደስ የሚያሰኙትን ነገሮች ማድረግ ባቆመ ቁጥር የሚያገኘው ደስታ እንደሚቀንስ፣ ደስታው በቀነሰ ቁጥር ደግሞ ለማድረግ ያለው አቅም እንደሚያንስ አሳየ። ነገሩን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። ከጎረቤቶቿ ጋር በተራ ቡና የምታፈላ ሴት አለች እንበል። አንድ ቀን ደከማትና ቀረች። መቅረቷ ሰውነቷን አሳረፈው እንጂ ልቧን አላሳረፈውም፤ ጭራሽ «ምን ይሉኝ ይሆን» የሚል ሐሳብ ጨመረባት። በሚቀጥለው ጊዜ መሄዱ ከበዳት፤ ተራዋ ሲደርስ ማፍላቱ ደግሞ የባሰ ሆነባት። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ «ምነው ጠፋሽ» አሉ፤ ሲሰነብት «ኮራች» አሉ፤ በመጨረሻ መጥራቱን ተዉት። አሁን «ማንም አይፈልገኝም» ብላ ብታስብ በከፊል እውነቷን ነው። ሐሳቡ ያመጣው መቅረት ሐሳቡን እውነት አደረገው።

በዚያው ዘመን አካባቢ ፊላዴልፊያ የነበረው ሐኪም አሮን ቤክ አዙሪቱን ከሐሳቡ ወገን ያዘው፦ ታማሚው ስለራሱ፣ ስለዓለሙና ስለነገው የሚያስበውን ጨለማ ሐሳብ እያወጡ መመርመር። የሁለቱ መንገዶች ክርክር ብዙ ዘለቀ። በ1996 ኒል ጄኮብሰንና ባልደረቦቹ የቤክን ሕክምና በየክፍሉ ለያይተው ሲፈትኑት፣ ታማሚውን ወደ ተግባር የሚመልሰው ክፍል ብቻውን ከሙሉው ሕክምና ያልተናነሰ ውጤት አስገኘ። ስሜቱ እስኪመጣ ሳይጠብቁ መነሣት፣ ትንሽ ነገር መሥራት፣ ስሜቱ ከኋላ እንዲከተል መተው ማለት ነው። የሚገርመው የጎንደር ዛር ቤቶች ይህን የሚመስል ነገር ከዚያ ቀደም ብለው ይሠሩ እንደነበር ሰነድ መኖሩ ነው።

እዚያ ከመድረሴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ስለ ድባቴ በኢትዮጵያ የሚጽፍ ሰው ዐፄ ቴዎድሮስን ለመጥቀስ ይቸኩላል። እቴጌ ተዋበች በ1858 ሞቱባቸው፤ ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤል በ1860 ተገደሉ፤ ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ተለወጡ ይባላል። የዘመኑ ጸሐፍት ኀዘናቸውንም ቁጣቸውንም መዝግበዋል። ከዚያ ተነሥቶ ለሞተ ሰው የምርመራ ውጤት መጻፍ ግን የታሪክ ሥራ አይመስለኝም። የዙፋን ሰው ኀዘን ይመዘገባል፤ እኔ የምፈልገው ያልተመዘገበውን ነው።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ደርሶ ከዛር ባለቤቶች ጋር ወራት ተቀመጠ። ከእርሱ በኋላ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ በዚያው አገር አጥንቶ በ1958 ያሳተመው ጽሑፍ የዛርን ማኅበር የቡድን ሕክምና ብሎ ገለጸው። ወደ ዛር ቤት የሚመጡት አብዛኞቹ ያገቡ ሴቶች እንደነበሩ ጽፏል። ከሥራ የቀረች፣ ምግብ የተወች፣ ሰው ማነጋገር ያቆመች ሴት በዘመድ ተደግፋ ትመጣለች። ባለ ዛሩ ከሌሎች መካከል ያስቀምጣታል፤ ቡና ይፈላል፣ ከበሮ ይመታል፣ ዕጣን ይጤሳል። የያዛት መንፈስ ስሙን እንዲናገር ይጠየቃል፤ በመንፈሱ አፍ የምትናገረው ነገር በራሷ አፍ ቢሆን የማይደመጥላት ነው። ከዚያም የማኅበሩ አባል ትሆናለች፤ የምትመጣበት ቀን፣ የምታመጣው ግብር፣ የምትሠራው ሥራ ይኖራታል። ብቻዋን መተኛቷ አበቃ።

ቤተ ክርስቲያን ዛርን አጥብቃ ታወግዛለች፤ እኔም አላሞካሸውም። ሜሲንግ ራሱ እንዳየው አባልነቱ የዕድሜ ልክ ነው፤ ዛሩ አይለቅም፣ ይገበርለታል እንጂ። ከአንዱ አዙሪት የወጣች ሴት ሌላ አዙሪት ውስጥ ትገባለች፤ ይህኛው ገንዘብም ይጠይቃል። ቢሆንም ከሕመሟ ጋር ብቻዋን ያልተተወችበት ቤት ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የመንግሥት ሕክምና እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረውም።

የመንግሥት ሕክምና ማለት አማኑኤል ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው፣ መርካቶ አጠገብ ያለው ይህ ሆስፒታል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ሰው ቤተሰቡን ያስቸገረ፣ መንገድ ላይ የወጣ፣ ብዙ ጊዜም በገመድ ታስሮ የመጣ ነበር። ዝም ብሎ ጥግ ይዞ የተቀመጠን ሰው አስሮ የሚያመጣ ዘመድ የለም። አስቸጋሪ አይደለማ፤ «ጸባየኛ» እየተባለ ይኖራል።

በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ያስተምር የነበረው ሆላንዳዊው ሐኪም ሮበርት ጊል ከሆስፒታሉ ግቢ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ጊዮን ተብላ ትጠራ በነበረችው በወሊሶ የእምነት ፈውስንና በመንፈስ መያዝን አጥንቶ በ1968 አሳተመ፤ በ1969 ደግሞ በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ የአእምሮ ሕመም ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። ከእርሱ በኋላ፣ በደርግ ዘመን፣ ሌላው ሆላንዳዊ ፍራንክ ኮርትማን የዓለም ጤና ድርጅትን ሃያ ጥያቄዎች አዲስ አበባ ላይ ፈተነ። ኤስአርኪው-20 የሚባለው መጠይቅ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልበት ነው፦ ራስህን ያምሃል? እንቅልፍ ይነሣሃል? ማልቀስ ታበዛለህ? ኮርትማን መልሱን ተቀብሎ ብቻ አልሄደም፤ ለምን እንዲያ እንደመለሱ መልሶ ጠየቃቸው። በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተጠያቂዎቹ አንዳንዱን ጥያቄ ጠያቂው ባሰበው መንገድ እንዳልተረዱት፣ አንዳንዱንም በራሳቸው ምክንያት እንደመለሱት አሳየ። ለእኔ ይህ ጽሑፍ ከብዙ ትልልቅ ቁጥሮች ይበልጥብኛል። ሰው ቤት ሄዶ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ መልሱን መስማት ሌላ ነው።

ትልቁ ጉዞ የተደረገው ግን ወደ ቡታጅራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፋኩልቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በ1986 እዚያ የገጠር ጤና ጥናት ማዕከል አቋቋመ፤ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው የሚወለደውና የሚሞተው መመዝገብ ጀመረ። ፋኩልቲው የነበረው ልደታ ውስጥ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ነው፤ ለሐረሩ መስፍን ለልዑል መኮንን መታሰቢያ የተሠራውና ከአብዮቱ በኋላ ስሙ የተለወጠው ሆስፒታል። ከዚያ ግቢ የተነሡት ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ሥልጠና የወሰዱ ጠያቂዎችን ይዘው በየቤቱ ዞሩ። በ1999 ያሳተሙት ጽሑፍ እንደሚለው 10,468 ጎልማሶች ሃያውን ጥያቄ ተጠይቀው 17.4 በመቶው የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታየባቸው። ዶክተር ደረጀ ከበደና ፕሮፌሰር አታላይ በዚያው ዓመት ባወጡት የአዲስ አበባ ጥናት ደግሞ ከ10,000 በላይ ሰው ተጠይቆ ውጤቱ 11.7 በመቶ ሆነ። ገጠሩ ሰላማዊ ነው፣ ጭንቀት የከተማ ሰው ቅንጦት ነው ለሚል ሰው ሁለቱ ቁጥሮች አጎራብተው መታተማቸው በቂ መልስ ነበር። በቡታጅራ ብዙ ከተጎዱት መካከል ሴቶች፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውና የፈቱ ይገኙበታል።

ከ1998 እስከ 2001 በነበሩት ዓመታት በዚያው ወረዳ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት ተመረመረ። ድባቴ ተገኝቶባቸው ከቆዩ በኋላ እንደገና የተፈለጉት ሰዎች ውጤት በ2006 ታተመ፤ ይህ ለኔ የአዙሪቱ ሰነድ ነው። ድባቴ የነበረባቸው ሰዎች ካልነበረባቸው ይልቅ በብዛት ሞተው ተገኙ። በሕይወት ከነበሩት ከፊሎቹ ከዓመታት በኋላም አልዳኑም፤ የዕለት ሥራቸውን መሥራት ተስኗቸዋል። ጤና ጣቢያም ከሌላው ሰው የበለጠ ይመላለሱ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ላይ «አይመጡም» ብዬ ነበርና። መጥተዋል፤ የመጡት ግን በራስ ምታት፣ በወገብ ሕመም፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ብለው ሳይሆን አይቀርም። የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ተመልሰው ይሆናል። መጥቶም አለመታየት አለ።

በ2005 እና 2006 በቡታጅራ 1,065 ነፍሰ ጡር ሴቶችን የተከታተለው የፕሮፌሰር ሻርሎት ሀንሎንና የባልደረቦቻቸው ጥናት አዙሪቱ እስከ ልጅ እንደሚደርስ አመለከተ። በእርግዝና ወቅት ጭንቀትና ድባቴ የበረታባቸው እናቶች ምጣቸው የመራዘም፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩበት ጊዜም የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። ድህነት ድባቴን ያመጣል፤ ድባቴ ከሥራ ያስቀራል፤ ከሥራ መቅረት ድህነቱን ያብሰዋል። ክሪክ ሉንድና ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን አዙሪት በ2011 ላንሴት መጽሔት ላይ ሲጽፉ ከብዙ አገሮች የተሰበሰበ ማስረጃ ይዘው ነው።

ሐኪሙ ግን ስንት ነበር? በ2003 በኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ናቸው። እስከዚያ ድረስ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት መሆን የሚፈልግ ውጭ አገር ይሄድ ነበር፤ የሄደው ሁሉ ደግሞ አልተመለሰም። በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ ሥልጠናውን እዚሁ ጀመረ። ከካናዳ የሚመጡት መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ያስተምሩ ነበር። እስከ 2009 ቁጥሩ ከ11 ወደ 34 ከፍ አለ። በስድስት ዓመት ሦስት እጥፍ መሆኑ ትልቅ ሥራ ነው፤ ለሰማንያ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ሲካፈል ግን ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ራሱ ያስላው።

ስለዚህ ጥያቄው ስፔሻሊስት ባልሆነ ሰው እጅ አዙሪቱ ይሰበር ይሆን ወይ ወደሚለው ዞረ። ከ2011 ጀምሮ ፕራይም የተባለው ፕሮጀክት፣ በፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና በባልደረቦቻቸው መሪነት፣ በጉራጌው ሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ነርሶችንና የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ያዘ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያው መጡ፤ በዚህ ፕሮጀክቱ ብዙ ተሳክቶለታል። ድባቴ ግን እንደገና አመለጠ፤ ከሥልጠናውም በኋላ ነርሶቹ የሚለዩት ከመጣው ጥቂቱን ነበር። ምክንያቱን ለመገመት ሰልፉን ማየት ይበቃል። በአንድ ጠዋት ብዙ ሰው የሚያይ ነርስ «ራሴን አመመኝ» ላለችው ሴት ሁለት ደቂቃ አላት። ድባቴ የሚለይበትን የፒኤችኪው-9 መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ በአግባቡ ለመጠየቅና «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» የሚለውን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይበቃም።

በ2016 ከዚያው ወረዳ የታተመ ሌላ ጥናት ነገሩን ከሌላው ጫፍ አየው። ዶክተር ተላከ አዛለ፣ ፕሮፌሰር አበባውና ፕሮፌሰር ሀንሎን ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመት ውስጥ ያሉ 3,147 እናቶችን ሲያጠኑ 385ቱ የድባቴ ምልክት ነበረባቸው። ከእነዚህ ውስጥ የአእምሮ ጤና ሕክምና ያገኙት 4.2 በመቶ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ያውቁ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን የችግራቸውን መነሻ ያዩት በኑሯቸውና በማኅበራዊ ሕይወታቸው ነው። ትዳር የሚያስጨንቃት ሴት ስለ ትዳሯ ለመናገር ጤና ጣቢያ አትሄድም። ሞኝነት አይደለም፤ ጤና ጣቢያው ስለዚያ ጠይቋት አያውቅም።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ያገኙት መልስ በጣም ተራ ነው። ሀራሬ ውስጥ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የጤና ጣቢያ አጋዥ የነበሩ ትልልቅ እናቶችን አሠልጥነው በግቢው ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ታማሚዋ ከችግሮቿ አንዱን መርጣ፣ ለእርሱ የምትወስደውን ትንሽ እርምጃ ተነጋግራ ትሄዳለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ «ምን ሆነ?» ትባላለች። በ24 ክሊኒኮች የተካሄደው ሙከራ በ2016 ሲታተም የድባቴ ምልክቱ በግልጽ ቀንሶ ተገኘ። ጎዋ ላይ ተካሂዶ በ2017 የታተመው የሕንድ ሙከራ ሙያዊ ትምህርት የሌላቸው አማካሪዎችን ቤት ድረስም እየላከ፣ ታማሚዎችን ወደ ዕለታዊ ተግባራቸው በመመለስ ላይ አተኩሮ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። በሶዶም ለነፍሰ ጡር እናቶች በአጭር ችግር የመፍታት ምክር ላይ የተመሠረተ ሙከራ ዕቅዱ በ2021 ታትሟል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞር ሥራቸው ነውና፣ ነገሩ ከባዶ አይጀመርም።

ወደ ልደታ እንመለስና፣ ከጤና ጣቢያ በፊት የነበረውን የከተማውን ልማድ እንየው። ሰው ሲሞት አዲስ አበባ ኀዘንተኛን ብቻውን አትተወውም። ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት አብሮ ያድራል፣ ምግብ ከየቤቱ ይመጣል፤ አልበላም ያለውን «ለኔ ስትል» እያሉ ያጎርሱታል። ሠልስት ይወጣል፣ አርባ ይወጣል፤ ኀዘንተኛው ቢፈልግም ባይፈልግም በየጊዜው ከተኛበት ይነሣል። ሊዊንሶን ቢያየው ይገባው ነበር። ችግሩ ሞት ለሌለበት ኀዘን ድንኳን የማይተከል መሆኑ ነው። ሥራ ላጣ፣ ትዳሩ ለፈረሰ፣ ወይም ያለ ምንም ምክንያት ልቡ ለከበደው ሰው አርባ የሚያወጣለት የለም።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው እድር ደግሞ ሌላ ገጽ አለው። የእድር ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል፤ ቀብር የቀረ፣ ስብሰባ የቀረ፣ ወርሃዊ መዋጮ ያልከፈለ ስሙ ላይ ቅጣት ይጻፍበታል፤ ቅጣቱ ሲደራረብ ይሰረዛል። የእድር ሕግ የተሠራው ለሰነፍና ለአጭበርባሪ ነው። በድባቴ ምክንያት ሦስት ቀብር የቀረ ሰው ግን በመዝገቡ ላይ ከሰነፉ አይለይም። የሚያስፈልገው ማኅበር መቅረቱን አይቶ ያባርረዋል፤ እርሱም «አልኩ አይደል» ይላል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ልደታ ፈርሳ ስትሠራ ይህ መረብ ተነካ። የቀበሌ ቤቶቹ ተነሡ፤ ነዋሪው ከፊሉ በኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ ከፊሉ በምትክ ቤት ተበታተነ። ግድግዳ የሚጋሩ፣ አንዱ ሲያስል ሌላው የሚሰማ ሰዎች በአራተኛ ፎቅ የብረት በር ጀርባ ገቡ። አሮጌው ሰፈር ገነት አልነበረም፤ ሽንት ቤት በተራ፣ ጣሪያው በክረምት የሚያፈስ ነበር፤ ለብዙ ሰው ኮንዶሚኒየሙ እፎይታ ነው። የሰው መጥፋት ግን በዚያኛው ሰፈር በአንድ ቀን ይታወቃል፤ በዚህኛው ሳምንት ይፈጃል። ብዙዎች ከተዛወሩም በኋላ በታክሲ እየተመላለሱ የድሮ እድራቸውን አልለቀቁም። የትራንስፖርቱ ዋጋ የከበደው፣ አቅም ያነሰው ነው መጀመሪያ የሚቀረው።

እድር መለወጥ እንደሚችል ግን በሰነድ የተረጋገጠ ነው፤ የተለወጠውም በኤችአይቪ ዘመን ነው። ቫይረሱ አባላቱን በየሳምንቱ ሲወስድ የእድሮቹ ገንዘብ ለቀብር ብቻ መሆኑ አላዋጣም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ እድሮች ኅብረት እየፈጠሩ ደንባቸውን አሻሻሉ። የታመመውን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያይ ኮሚቴ ተመረጠ፤ ለወላጅ አልባ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ተከፈለ፤ ሰው በመገለል ቤቱን ሲዘጋ የእድሩ ዳኛና ጥቂት እናቶች እንጀራና ወጥ ይዘው በሩን አንኳኩ። መቅረት ያስቀጣ የነበረው መዝገብ፣ የቀረው ሰው ቤት የሚኬድበት ዝርዝር ሆነ። እስከዚያ ድረስ በአመዛኙ ስለ ሟች ይናገር በነበረው ደንብ ውስጥ በሕይወት ያለ አባልን ስለመርዳት የሚናገር አንቀጽ የገባው ያን ጊዜ ነው።